ለሦስት ሳምንት ያሳየኋችሁ የገላ አስተጣጠብ የማን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ

ዛሬ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ አንሶላ ተጠቅልዬ፣ ፊቴን ጭቃ ተለቅልቄ፣ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ በባዶ እግሬ ስወርድ፣ አንድ ትልቅ ሰው የምሳ ዕቃውን ጥሎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ይሄ እንግዲህ ቀላሉ ክፍል ነው። ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። «የቅዳሜ ገላ» በሚለው ቪዲዮዬ ያሳየኋችሁን ቤታችሁ የሞከራችሁ፣ በተለይ ከቀኝ ጀምራችሁ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ አፍስሳችሁ፣ ካፉር በሚሉት ነጭ ሽቶ የጨረሳችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ደህና ናችሁ። ምንም አትሆኑም።

ይመስለኛል።

ለአዲሶቹ፦ ትርሲት እባላለሁ። ኤርፖርት ካርጎ ክፍል በሺፍት የምሠራ የወረቀት ሰው ነኝ። የአበባ ሰነድ፣ የሥጋ ሰነድ፣ አንዳንዴም የሬሳ ሳጥን ሰነድ በእጄ ያልፋል። የምኖረው ሳሊተ ምሕረት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ብቻዬን ነው። በእረፍት ቀኔ የዓለም ሕዝቦች እንዴት ገላቸውን እንደሚታጠቡ፣ ሰው ዞር ማለት በማይችልባት ጠባብ ሻወር ቤቴ ውስጥ እየሞከርኩ እፖስታለሁ።

ጃፓንን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞከርኩ። ጉልበቴ አገጬን ነክቶ፣ እንደ እንቁላል ውስጥ ጫጩት ታጥፌ። ፊንላንድን በኤሌክትሪክ ምድጃና ከሜዳ በለቀምኩት ድንጋይ ሞከርኩ። የብሎካችን መብራት ጠፋና ጎረቤቶቼ ለሁለት ቀን ሰላምታ ነሱኝ።

ያኔ ስቃችኋል። እኔም ስቄያለሁ።

ሳቁ ያቆመው ሞሮኮ ላይ ነው።

እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጥቁሩን ሳሙና ተቀብቼ፣ ሸካራውን ጓንት አጥልቄ፣ ስልኬን መስታወቱ ሥር አቁሜ ጀመርኩ።

የሻወር ቤቴ ትንሽ መስኮት የምትከፈተው ወደ አየር ማስገቢያው ጉድጓድ ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል። የሁሉም ሰው ቧንቧ ከላይ እስከ ታች የሚወርድበት፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ጠባብ ጨለማ። የጎረቤት ሳል፣ የጎረቤት ጠብ፣ የጎረቤት ወጥ ሽታ በዚያ በኩል ይመጣል።

ግራ እጄን ማሸት ስጀምር ድምፅ መጣ።

«ቀኙን አስቀድሚ።»

የሴት ድምፅ ነው። ያረጀ፣ የማይቸኩል፣ አጠገቤ የቆመ የሚመስል። ከሥር ነው የመጣው። አንዷ ልጇን እያጠበች ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ።

«ቀኙን። ከቀኝ ነው የሚጀመረው።»

ጓንቱን ከቀኝ እጄ አውልቄ ግራው ላይ አጠለቅኩና ቀኜን ማሸት ጀመርኩ። ምን ላድርግ? ትልቅ ሰው ሲያዝዝ መጀመሪያ ይታዘዛሉ፣ ከዚያ ነው የሚያስቡት። እንዲያ ነው ያደግነው።

«ቀስ አድርጊ። እንዳያማት።»

እንዳያማት?

ማንን?

ውሃ አፈሰስኩ። «አንድ» አለች። ደገምኩ። «ሁለት» አለች። ሦስተኛውን ሳፈስ «ይበቃል» ብላ ዝም አለች። ቧንቧውን ስዘጋ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ አለ።

አትሳቁብኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ገላዬ ቀሎኝ አያውቅም። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስነቃ ፀሐይ ጠልቃለች። ሕልም እንኳ አላየሁም።

ቪዲዮውን ስከፍተው ድምፁ ከውሃው ሥር አለ። ቃሉ አይለይም፤ እንደ እንጉርጉሮ ነው። እናንተም ኮመንት ላይ «ከኋላ ያለው ሙዚቃ የማን ነው?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ።

ኃጢአቴ እዚህ ጋ ይጀምራል።

«አላውቅም» ማለት ስችል፣ «ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ የጥንት የመንጻት ሥርዓት ነው፣ ለዓመታት አጥንቼዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ያጠናሁት አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። እሱንም ሳሙና ዓይኔ ገብቶ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ምንም አላዘጋጀሁም። ቧንቧውን ከፍቼ ጠበቅኩ። መጣች።

«ፊቷን። አፏን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ። አሁን ቀኟን።»

ያለችውን ሁሉ አደረግኩ። ተሳስቼ ወደ ግራ ስሄድ «አይደለም» አለች። መስኮቷን አየሁ። ከጨለማና ከቧንቧ በቀር የለም። እንዴት እንዳወቀች አላውቅም፤ እስካሁንም አጋጣሚ ነው እያልኩ ራሴን አባብላለሁ።

«ጸጉሯን ሦስት ጉንጉን አድርጊና ወደ ኋላ ልቀቂው።»

አደረግኩት። አምሮብኝ ነበር። በሦስት ጉንጉን ሥራ ገባሁና አለቃዬ ሳትቀር ማን እንደሠራኝ ጠየቀችኝ።

መሃል ላይ የማላውቀው ቋንቋ ታስገባ ነበር። ዝቅ ያለ፣ እየተደጋገመ የሚሄድ፣ ጸሎት የሚመስል። እሱን ደግሞ «ማንትራ» ብዬ ፖስቱ ላይ ጻፍኩት። አትስደቡኝ። ራሴን ሰድቤ ጨርሻለሁ።

ልትጨርስ ስትል «ለመጨረሻው ውሃ ካፉር ያስፈልጋል» አለች።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ መገናኛ ወረድኩ። ሽቶና ቅመም የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። «አባባ፣ ካፉር አለዎት?» አልኳቸው። ቀና ብለው ፊቴን አዩት። ምንም ሳይጠይቁኝ ነጭ ነጩን በወረቀት ጠቀለሉልኝ።

«አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

እንዴት ያሉ ደግ ሽማግሌ ናቸው ብዬ «አሜን፣ እርስዎንም ያጽናዎት» አልኳቸውና እየሳቅኩ ታክሲ ያዝኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ካፉሩን የመጨረሻው ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። ሽታው ብርድ ብርድ ይላል። ቤቱ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ሣጥን ሸተተ። እናንተ ይህኛውን ከሁሉም በላይ ወደዳችሁት። «ሰላም ተሰማኝ» ብላ የጻፈች አለች። «ከዚህ ዓለም የወጣሁ መሰለኝ» ያለም አለ።

ተዉኝ እስቲ።

ያን ቀን ሴትዮዋን ላመሰግናት ፈለግኩ። ልብሴን ለባበስኩና አንድ ፎቅ ወረድኩ፣ በቀጥታ ከእኔ ሥር ወዳለው ቤት።

በሩ ላይ ከውጭ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

አንኳኳሁ። ዝም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ዝም። ከእግሬ ሥር ብቻ፣ በበሩ ስንጥቅ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል።

ጥበቃችን ጋሼ በላቸው በር ላይ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ከእኔ ሥር ያለው ቤት ማን ነው የሚኖርበት?»

«አንድ ነጋዴ ነው። ጠዋት ቆልፎ ይወጣል። ሲመቸው ምሳ ሰዓት ብቅ ይላል።»

«ሚስቱስ? እናቱስ?»

«ብቻውን ነው። አከራይዋ ራሷ ለአንድ ሰው ነው ያከራየሁት ብላኛለች። ቀን ቤቱ ባዶ ነው።»

«ሴት ስታወራ እሰማለሁ እኮ።»

ጋሼ በላቸው ብዙ አዩኝ። «ብቻሽን መኖሩ በዛ፣ ልጄ» አሉኝ። «ባል አግቢ።»

ያን ሳምንት ኤርፖርት የሠራተኞች ሻወር ታጠብኩ። እዚያ ማንም ምንም አይልም። ገላዬ ግን አልቀለኝም። እንደውም የሆነ ነገር ጀምሬ ያልጨረስኩ እየመሰለኝ ሌሊት እነቃለሁ።

ታዲያ ለምን ዛሬ ተመለስሽ ትሉኛላችሁ።

እናንተ «ቀጣዩስ?» ስላላችሁ ነዋ። ሰው ፈርቶም ኮንቴንት ይሠራል። ከሞሮኮው የተረፈኝን የፊት ጭቃ በጠበጥኩ። ባለፈው መጨረሻ ላይ «ነጩን ጨርቅ አዘጋጂ» ብላ ስለነበር አዲሱን አንሶላዬንም አወጣሁ። ውሃው ዘግይቶ መጣና አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርኩ።

ቀኝ። ግራ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ጉንጉን። ካፉር።

ድምፁ ዛሬ ደከም ብሏል። ቃላቱ መሃል ረጅም ትንፋሽ አለ።

ቧንቧውን ዘጋሁ። ቀረጻውን አቆምኩ። አንሶላውን ተጠቀለልኩና ፊቴ ላይ ጭቃ ቀብቼ እስኪደርቅ ኮመንት ማንበብ ጀመርኩ።

አንዷ እንዲህ ብላለች፦

«እህቴ፣ ይህን ከማን ተማርሽው? አክስቴ በሰፈራችን ሙስሊም ሴቶች ሲሞቱ ከሚያጥቡት አንዷ ናት። ቪዲዮሽን አሳየኋት። ከቀኝ መጀመሩ፣ ሦስት ጊዜው፣ ሦስት ጉንጉኑ፣ ካፉሩ፣ ይሄ የጀናዛ ነው። የሬሳ አስተጣጠብ ነው። አክስቴ ልጅቷ በሕይወት አለች ወይ ብላ ጠይቂልኝ ብላኛለች።»

ሁለቴ አነበብኩት።

ሦስተኛውን ስጀምር መብራት ጠፋ።

ልብ በሉ፣ ቧንቧው ዝግ ነው። እስከ ዛሬ ውሃ ከሌለ ድምፅ የለም።

«አለቀ፣ ነጅማ» አለች ከሥሬ። «ታጠብሽ። አሁን ላልብስሽ። ከዚያ ይውሰዱሽ።»

ሮጥኩ።

ወደ ታች ነው የሮጥኩት፣ መውጫው ታች ነዋ። ወደ ድምፁ እየሮጥኩ መሆኔ የገባኝ ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ነው።

አንድ ሰው ትልቁን ቁልፍ ከፍቶ ሊገባ ሲል ደረስኩበት። ዞር አለ። ያየውን አስቡት። ከእግር እስከ አንገት ነጭ ጨርቅ፣ ተሰነጣጥቆ የደረቀ አመድማ ፊት፣ ሦስት ጉንጉን፣ ካፉር ካፉር የሚሸት።

«ቢስሚላህ» አለ። ምሳ ዕቃው ወደቀ። ሩዙ ደረጃው ላይ ተበተነ።

«ጎረቤት ነኝ» ልለው ነበር። ጭቃው ደርቆ አፌ አልከፈት አለኝ።

ከጀርባው በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ትንሽዬ አሮጊት። ባዶ እግራቸውን ናቸው። የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰብስበዋል። ከክርናቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

እሳቸው አልደነገጡም። ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ፣ ልብስ ሰፊ የሰፋውን እንደሚያየው።

«መጣሽ?» አሉኝ።

ያ ድምፅ ነው። ያው ራሱ።

«እማዬ፣ ግቢ» አለ ሰውየው። «እማዬ፣ እሷ አይደለችም።»

አልሰሙትም። «ማን አጠበሽ?» አሉኝ። «እዚያ አገር ሴት ናት ያጠበችሽ? ከቀኝ ጀመረች? ቀስ አድርጋ ነው?»

ትርሲት ነኝ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ማለት ነበረብኝ። ሰው ሲጠየቅ ስሙን ይናገራል። ግን ዓይናቸውን ብታዩት። ያን ጥያቄ የተሸከሙት ዛሬ አልነበረም።

ጭቃው ከከንፈሬ ላይ ተሰብሮ ወደቀ።

«እርስዎ ነዎት ያጠቡኝ» አልኳቸው። «ከቀኝ ጀምረው። ሦስት ጊዜ። ቀስ አድርገው።»

እውነት ነው እኮ። አራት ቅዳሜ።

ጠጋ አሉኝ። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ጎን አዞሩት። «ከጆሮዋ ኋላ ትተናል» አሉ ለራሳቸው። እርጥብ አውራ ጣታቸውን አሳልፈው ጠረጉልኝ። እጃቸው የጉድጓድ ውሃ ይመስል ቀዝቅዟል።

ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

«በይ ሂጂ» አሉኝ። «አትዘግዪ። ወደ ኋላም አትዪ።»

እንግዲህ የት ልሂድ? ቤቴ ከላይ ነው። አንሶላዬን ሰብስቤ፣ ቀጥ ብዬ፣ ዞር ሳልል፣ ደረጃውን ወጣሁ። ዘንቢል ይዛ የምትወርድ የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቴ አማተበችና ግድግዳውን ታክካ መንገድ ለቀቀችልኝ። እስካሁን ስልኬን አላነሳችም።

በሬን ስዘጋ ከታች ልቅሶ ሰማሁ። የእሳቸው አይደለም።

የልጃቸው ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተንኳኳ። ታጥቤ ለብሼ ነበር፣ ያው በችኮላ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጫማ አላደረገም።

«ከድር እባላለሁ» አለ። «መገናኛ የጫማ ሱቅ አለኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ስላየሁሽ ሳይሆን ስለሸተትሽኝ ነው የደነገጥኩት።»

በሕይወቴ ከወንድ የሰማሁት እንግዳ ነገር ይሄ ነው። እንዲገባ ብጋብዘው እንቢ አለ። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«እናቴ ናት። ዘይነባ ትባላለች» አለ። «መርካቶ በነበርንበት ሰፈር ሴት ስትሞት የሚጠሩት እሷን ነበር። ስንቷን አጠበች። ነጅማ ታናሽ እህቴ ናት። ዓረብ አገር ለቤት ሥራ ሄዳ እዚያው ሞተች። እዚያው ቀበሯት። ማን እንዳጠባት የነገረን የለም። ታጥባ እንደሆነም አናውቅም። ከዚያ ወዲህ እናቴ መርሳት ጀመረች። ሁሉን ነገር ትረሳለች፣ እሱን ብቻ አትረሳም።»

«በሩ ከውጭ የሚቆለፈውስ?»

ወለሉን አየ። «ሁለት ጊዜ በእግሯ ኤርፖርት ድረስ ሄዳ፣ ልጄን አምጡልኝ ስትል ተገኝታለች። መኪና ይገጫታል ብዬ ነው። አከራይዋም መኖሯን አታውቅም። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ እህቴ።»

በየትኛው ቀን ይሆን፣ ሺፍት ላይ ነበርኩ ይሆን ብዬ ማስላት ጀመርኩ። ከዚያ ተውኩት። መልሱን ማወቅ አልፈለግኩም።

«ውሃ ከላይ ሲወርድ ስትሰማ ጊዜው የደረሰ መስሏታል» አለ። «ቅዳሜ ማታ ስገባ ብርድ ልብሷ ተጠቅልሎ፣ ርሶ፣ ሻወር ቤቱ ወለል ላይ አገኘው ነበር። ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። የሰው ቁመት አድርጋ ጠቅልላው ነው።»

እኔ ከላይ፣ ብርድ ልብሱ ከታች፣ አንድ ላይ ስንታጠብ ከርመናል።

«ከድር፣ እኔም የምነግርህ አለኝ» አልኩት።

ስልኬን ሰጠሁት። ሦስቱንም ቪዲዮ፣ ምስሉን ሳያይ፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማቸው። ለእኛ እንጉርጉሮ የሆነው ለእሱ ቃል በቃል ተለየለት። ከዚያ የጻፍኩትን አነበበ። ደረጃው ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ማንትራ» አለ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስልኩን መለሰልኝና «አጥፊው» አለኝ። «ሰው በእናቴ ሐዘን ገላውን እንዲታጠብ አልፈልግም።»

እዚያው ፊቱ አጠፋሁት። ሦስቱንም። ከሠራሁት ሁሉ የተወደዱልኝ እነሱ ነበሩ፤ እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ጣቴ ሦስተኛው ላይ ትንሽ ዘግይታለች።

ከድር ሲነሳ ዞር አለ። «አንዱን ግን መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ ማለት ነበረብኝ» አለ። «‹ቀስ አድርጊ፣ እንዳያማት› የምትልበትን።»

ዋናው ቅጂ ስልኬ ላይ አለ አልኩትና ላክኩለት።

«ተኝታለች» አለኝ። «ቀን ተኝታ አታውቅም። እኔ ሱቅ መመለስ አለብኝ። በሩን ግን አልቆልፈውም። ቤት ከሆንሽ ጆሮሽን ጣል አድርጊልኝ።»

እሺ አልኩት።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጸጉሬ ሥር ጭቃ ቀርቶ ስለነበር ቅድም እንደገና ቧንቧውን ከፈትኩ። ሆን ብዬ ከግራ ጀመርኩ። ጠበቅኩ።

ምንም የለም።

ከግራ ደገምኩ። መስኮቷ ሥር ቆሜ ትንፋሼን ያዝኩ። ያ ጉድጓድ ዝም ብሏል። መገላገል ነበረብኝ አይደል? እኔ ግን እንደዚህ ቀን ሻወር ቤት ውስጥ ፈርቼ አላውቅም። ጸጉሬን እንኳ ሳላደርቅ ወደ ታች ወረድኩ።

በሩ ክፍት ነው። እማማ ዘይነባ ፍራሻቸው ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ተኝተዋል። አጠገባቸው ተንበርክኬ ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ። ይተነፍሳሉ። ሥራውን የጨረሰ ሰው እንቅልፍ ነው።

ልወጣ ስል አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አልሄድሽም እንዴ?» አሉኝ።

«እየሄድኩ ነው፣ እማማ» አልኳቸውና በእግሬ ጫፍ ወጣሁ።

ትምህርቱን ከፈለጋችሁ፣ በቧንቧ የሰማችሁትን አጥንቼዋለሁ አትበሉ። ሌላው ጥያቄ ነው፣ የሰው ሀብት ክፍል የምትሠሩ ወገኖቼ ንገሩኝ። በወጉ ታጥቤያለሁ፣ በወጉ ተሸኝቻለሁ፣ ወደ ኋላ አትዪ ተብያለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሥራ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው የሚሞላው የትኛውን ፎርም ነው፣ የዓመት ፈቃድ ወይስ የሐዘን?